ቀኝና ግራ የሌለው ጫማ

ታርሎክ ሲንግ ፊቴን ከማወቁ በፊት ጫማዬን ያውቅ ነበር።

ኪሱሙ ላይ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው ጸሎት ቤታችን፣ በጉርድዋራው፣ ለጸሎት የሚገባ ሰው ሁሉ ጫማውን በአንዲት ዝቅ ያለች መስኮት ያስረክባል። በመስኮቷ ከእጅና ከጫማ በቀር የሚታይ ነገር የለም። ከወዲያ ያለው ሰው ተቀብሎ አቧራውን ይጠርግና የናስ ቁጥር ይሰጣል። ደመወዝ የለውም፤ የሰውን ሁሉ ትቢያ በእጅ መንካት ትዕቢትን ያጥባል ተብሎ በፈቃድ የሚሠራ አገልግሎት ነው። ብዙውን ጊዜ የሚሠሩት ጡረታ የወጡ ሽማግሌዎች ነበሩ።

ታርሎክ ግን የሃያ ስምንት ዓመት ጎልማሳ፣ ያውም መሐንዲስ ነበር። ከፑንጃብ በመርከብ መጥቶ በባቡር ድርጅቱ ከተቀጠረ ገና ሦስት ዓመቱ። ከሐይቁ ዳር እስከ ኮረብታው ያሉት የሐዲድ ድልድዮች በሱ እጅ ነበሩ። በአራት ጎማዋ የሐዲድ ጋሪ እየሄደ፣ ብረቱን በመዶሻ እያንኳኳ፣ የላላውን ብሎን በድምፁ ይለየዋል ይሉ ነበር። ከነጻነት ስድስት ሰባት ዓመት በፊት ስለነበር አለቆቹ ሁሉ ነጮች ናቸው። አንዱ የብረት ቆብ አድርግ ቢለው፣ "ጥምጥሜን አውልቄ የምቆምበት ድልድይ ከሆነስ ሌላ ሰው ይቁምበት" አለ አሉ። እሱ ራሱ ግን ይህን ሲያወራ የሰማ የለም።

ጨርቅ ነጋዴው ኬሃር ሲንግ እሑድ እሑድ መስኮቷ ጋ ሲደርስ አፉ አያርፍም።

"ይኸውላችሁ የተማረ ሰው! ተምሮ ተምሮ ጫማ ጠባቂ ሆነ!"

"ኬሃር ጂ፣" ይላል ታርሎክ ከውስጥ፣ በአክብሮት 'ጂ' እያለ፣ ጫማውን እየጠረገ፣ "ስድስት ቀን ሙሉ 'ጌታዬ፣ ጌታዬ' እባላለሁ። ይቺ ሰባተኛዋ ባትኖር ኖሮ ጥምጥሜ በበር አያስገባኝም ነበር።"

ሰው ይስቃል። እኔ ከሴቶቹ ሰልፍ ሆኜ ድምፁን ብቻ እሰማለሁ። ቀጥ ያለ፣ ትርፍ የሌለው ድምፅ ነበር። ቤቴ ገብቼ የሚቀረኝ ያ ድምፅ ነው።

እኔ ሳትዋንት እባላለሁ። ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች ያሳደገችኝ የአባቴ እናት ቤቤ ናት። አባቴ ኡጃገር ሲንግ ከከተማው ወጣ ብሎ ኪቦስ ላይ ሰፊ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ነበረው። ሰው ሲተዋወቅ መጀመሪያ የሚጠይቀው "የማን ልጅ ነህ?" ነው። ሁለተኛው "መሬታችሁስ?" ነው። እኛ የአራሽ ዘር ነን። ታርሎክ የአናጺ ልጅ ነው። በቅዱሱ መጽሐፍ ፊት አንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን፣ ከአንድ ድስት የወጣ ምስርና ቂጣ እንበላለን። ልጅ ግን አንሰጣጥም። አባቴ ይህን እንደ ፀሐይ መውጣት የሚያየው ነገር ነበር፤ ምክንያቱን የጠየቀው ሰው ያለም አይመስለኝ።

የጀመረው እንዲህ ነው። የኛ አገር የሴት ጫማ፣ የቆዳው፣ ጫፉ ሾል ያለው፣ ቀኝና ግራ የለውም። ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ሲያረጁ ነው እግር የሚያስተምራቸው። የኔ አንደኛው ጎኑ ተተርትሮ ነበር። አንድ እሑድ ከጸሎት ስወጣ በሰማያዊ ክር ተሰፍቶ ጠበቀኝ። ስፌቱ እኩል፣ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለ። በሚቀጥለው እሑድ፣ "የጠገንከውን አመሰግናለሁ" ብዬ ብጣሽ ወረቀት ላይ ጻፍኩና ጫማው ጫፍ ውስጥ ወትፌ አስረከብኩ። ስመለስ ቁጥሬን ሰጠሁ፤ ሠላሳ አንድ። እግሬን ሳስገባ ወረቀት ነካኝ።

ሁለት ዓመት እንዲህ ተጻጻፍን። የምንጽፈው በእንግሊዝኛ ነበር፤ የቅዱሱ መጽሐፍ ፊደል ጫማ ውስጥ አይገባም ብሎ እሱ ነው የወሰነው። ፍቅር የሚል ቃል ጽፎልኝ አያውቅም። "ዛሬ ሦስተኛውን ምሰሶ አየሁት" ይላል። "ምሰሶ የሚወድቀው ከላይ በሚጫነው አይደለም፤ ከሥሩ ቀስ እያለ ውኃ በሚወስደው አሸዋ ነው። እናቴን አሰብኳት። ከትናንት ወዲያ ደብዳቤዋ መጣ፤ ደህና ነኝ ትላለች፤ ግን ያጻፈችው ለጎረቤት ነው፤ እጇ እየተንቀጠቀጠ ነው ማለት ነው።" አሥር ጊዜ አነበዋለሁ። ፍቅሩ የቱ ጋ እንዳለ እፈልጋለሁ። መጨረሻው ላይ ሁልጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ "ጫማሽን በየሳምንቱ እያቀያየርሽ አድርጊ፤ የቀኙን ለግራ፣ የግራውን ለቀኝ፤ እንዲያ ከሆነ አይዘምም።" ከእናቴ ወዲህ እንዴት እንደምራመድ ያሰበልኝ ሰው አልነበረም።

መሐላውን የነገረኝም በደብዳቤ ነው። አባቱ ሲሞት፣ እንደ ወጉ፣ ዘመድ ተሰብስቦ የቤቱን ኃላፊነት ጥምጥም ራሱ ላይ አሰሩለት። ያን ቀን፣ "ሁለቱን እህቶቼን ሳልድር ሙሽራ አልሆንም" ብሎ ማለ። አንዷን ድሯል። ትንሿ ትቀራለች። እኔም እጠብቃለሁ አልኩ። በሃያ ዓመት መጠበቅ ቀላል ይመስላል።

*

ከናይሮቢ የሚያገባኝ ጠበቃ መጣልኝ።

እሱ ራሱ አልመጣም፤ ፎቶግራፉ ነው የመጣው። መሬት ካላቸው ሰዎች የተወለደ፣ ለንደን የተማረ። አባቴ ፎቶውን ግድግዳው ላይ ከቀን መቁጠሪያው አጠገብ ሰካው።

"የመከር በዓል ባለፈ በአርባኛው ቀን ግድም ሊያዩሽ ይመጣሉ" አለኝ። "ጥርሳቸው ነጭ፣ ስማቸው ነጭ። ምን ትያለሽ?"

"እርስዎ ያሉት ይሁን፣ አባባ" አልኩ። የሚባለው እንዲያ ስለሆነ ነው ያልኩት።

በዚያው ሳምንት ጻፍኩ፦ "አባቴን ከነሱ በፊት ካልጠየቅህ መቼም አትጠይቅ።" ጫማዬ ውስጥ ከትቼ አስረከብኩ። መልሱ የሚመጣው በሚቀጥለው እሑድ ነው፤ የመከር በዓላችን ቀን።

በዋዜማው ዘንቦ የቤቤ ጫማ ረጠበ። ጠዋት ሁላችንም ስንጣደፍ ቤቤ በር ላይ ያገኘችውን አጥልቃ መኪናው ላይ ወጣች። ያጠለቀችው የኔን ነው። ከመኪናው ስንወርድ ሰማያዊውን ክር እግሯ ላይ አየሁት። ምን ልበል? "ቤቤ፣ አውልቂው፤ ደብዳቤ የሚመጣልኝ በሱ ነው" ልበል?

በበዓል ቀን ሕዝቡ ብዙ ስለሆነ በመስኮቷ የሚቀበል ሌላ ሰው ነው፤ ታርሎክ ከኋላ ተቀምጦ ይጠርጋል። እጅም አያይም፤ ጫማ ብቻ ነው የሚያየው። ቤት እንደደረስን ቤቤ ሳታየኝ ጫማውን አንስቼ ጣቴን እስከ ጫፉ ሰደድኩ።

ባዶ ነበር።

ሌላውንም አየሁ። ባዶ። መሬት ላይ ተቀምጬ ጫማውን ታቅፌ ቆየሁ። መልስ አለመስጠትም መልስ ነው፤ ያውም ቀጥ ያለው።

በሚቀጥለው እሑድ በመስኮቷ ጫማዬን የተቀበለኝ እጅ የሽማግሌ እጅ ነበር። ከዚያም በኋላ እንዲሁ። ታርሎክ ከወንዶቹ በኩል መጨረሻ ረድፍ ላይ ይቀመጣል፤ ሰግዶ፣ የተባረከውን ጣፋጭ ተቀብሎ፣ አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። እኔም "ፈሪ" እያልኩ በልቤ እሰድበዋለሁ፤ ስሰድበው ውዬ ማታ ቁጥር ሠላሳ አንድ ይቀመጥበት የነበረውን መዳፌን አያለሁ።

አንድ ቀን ኬሃር ሲንግ አባቴን ሲያጫውተው ሰማሁ። "ሰማህ ኡጃገር? ጫማ ጠባቂው መሐንዲስ ሊሄድልን ነው። ለእህቱ ሰርግ አገሩ ይገባል። እዚያው ሥራ አግኝቷል፤ አይመለስም።"

"መልካም መንገድ" አለ አባቴ፣ ሻዩን እያማሰለ። የገዛ ልጁ ልብ እዚያው ጠረጴዛው አጠገብ ሲሰበር አልሰማም።

*

የናይሮቢዎቹ ሰኞ ይደርሳሉ የተባለበት ቅዳሜ፣ ከቀትር በኋላ፣ ቤቤ አባቴን ከእርሻ አስጠራችው። ጸሎት ክፍሉ በር ላይ ቆማለች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

"ኡጃገር፣ ልጄ፣ ኃጢአት ሠርቻለሁ።"

"በሰማንያ ዓመትዎ ደግሞ ምን ኃጢአት ተረፈዎት፣ እማዬ?"

"አትሳቅብኝ። የመጽሐፉን ቃል ረግጫለሁ።"

አባቴ መሳቁን ተወ።

"በበዓሉ ቀን ነው" አለች። "ከጸሎት ወጥቼ እግሬን ባስገባ የሆነ ነገር ቆረቆረኝ። ባወጣው በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ወረቀት፤ ገልጬ ባየው የኛ ፊደል! ማንበብ ባልችልም የአንድ አምላክን ምልክት አላውቃትም? ከላዩ ተጽፋለች። የማን እጅ እዚያ እንደከተተው ፈጣሪ ይወቅ። የረገጥኩት እኔ ነኝ። ለማንም ሳልናገር በሐር ሻሽ ጠቅልዬ መደርደሪያው ላይ፣ ከጸሎት መጽሐፉ ጎን አኖርኩት። አርባ ቀን ሰገድኩለት። አሁን ሞላ። ነገ ጉርድዋራ ውሰድልኝና በክብር ይቃጠል።"

ያረጀ የመጽሐፍ ገጽ እኛ ዘንድ አይጣልም። እንደ ሰው ሬሳ በክብር ይቃጠላል።

እኔ ግን መቃጠሉን አልሰማሁም። "በበዓሉ ቀን" የሚለው ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ቤቤ። የኔ ጫማ። ነጭ ጨርቅ።

"የትኛው ገጽ እንደሆነ መጀመሪያ ማየት አለብን" አለ አባቴ። እጁን ታጠበ። ጥምጥሙን አስተካከለ። "ራሳችሁን ሸፍኑ፤ ቁሙ።"

ቆምን። እጃችንን አጋጠምን። አባቴ የሐሩን ሻሽ ፈታ፤ ከውስጡ ነጭ የወንድ መሐረብ ወጣ፤ ከመሐረቡ ወረቀት ወጣ። ከቆምኩበት መስመሮቹን አየኋቸው። እኩል፣ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያሉ። ስፌት ይመስላሉ።

"አባባ፣" አልኩ፣ "ይተዉት..."

"ዝም በይ፣ ቃሉ ነው" አለኝና ዓይኑን ግማሽ ጨፍኖ በዜማ ጀመረ። "አንድ አምላክ፣ ስሙ እውነት የሆነ..." ቤቤ ግንባሯን ዝቅ አደረገች። "ሳትዋንት ጂ..."

ዜማው ሁለት ቃል ያህል በራሱ ተጉዞ ቆመ። ከዚያ አባቴ፣ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ማንበቡን አላቆመም። ምናልባት በቆመበት ሥርዓት ስለተያዘ ይሆናል። በደረቅ ድምፅ ቀጠለ።

"ይህን ፊደል ጫማ ውስጥ ማስገባቴን ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፤ በንጹሕ መሐረብ ጠቅልዬዋለሁ። በእንግሊዝኛ ልጽፈው ሞክሬ እምቢ አለኝ። በእናቴ ቋንቋ ካልሆነ የማይወጣ ነገር ነው።

"ና ብለሽኛል። እህቶቼን ሳልድር ሙሽራ አልሆንም ብዬ ምያለሁ፤ አንዷ ቀርታኛለች። ነገር ግን አባትሽን አልጠይቅም ብዬ አልማልኩም። ስለዚህ እመጣለሁ። የምመጣውም በፊት ለፊቱ በር ነው።

"አንድ ነገር ግን እወቂልኝ። እምቢ ቢለኝ ይዘኸኝ ጥፋ አትበይኝ። ሁለት ዓመት የአባትሽን ጫማ ጠርጌያለሁ። የግራው ተረከዝ በውጭ በኩል ያልቃል፤ ጉልበቱን እንደሚያመው ያወቅሁት ከዚያ ነው። የዘመመ ነገር ስስ ሽብልቅ ካገኘ ይቃናል። ዓምና ቆዳ ጠርቤ ከተረከዙ ገበር ሥር፣ በሚያልቀው በኩል አስገባሁለት። ውለታ እንዳይመስል አልነገርኩትም። ቀና ብሎ እንዲሄድ የተመኘሁለትን ሰው ልጁን ሰርቄ አንገቱን አላስደፋውም።

"ከበዓሉ ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ኪቦስ ጣቢያ እጠብቅሻለሁ። ብቻሽን አትምጪ፤ ከቤቤ ጋር ነይ። ካየሁሽ በዚያው ወደ አባትሽ እሄዳለሁ። ካላየሁሽ ሐሳብሽን እንደለወጥሽ ይገባኛል። እንዳትሸማቀቂም ዳግመኛ መስኮቷ ጋ አልቀመጥም።

"ጫማሽን እያቀያየርሽ አድርጊ። ታርሎክ።"

አባቴ ወረቀቱን እንደያዘ ቆመ።

"ጫማዬን አምጪ" አለኝ። "የግራውን።"

አመጣሁ። ቁጭ ብሎ በቢላዋ የውስጡን ገበር ገለጠ። ከሥሩ አንዲት ስስ ቆዳ ወጣች፤ በአንድ በኩል ቅጠል ያህል የሳሳች፣ በሌላው በኩል ጣት ጥፍር ያህል የወፈረች፣ በላብ የጠቆረች። አባቴ መዳፉ ላይ አድርጎ አያት።

"ጉልበቴን ያዳነው የተቀደሰው የአምሪትሳር ውኃ ነው አላልክም ነበር?" አለች ቤቤ።

"እማዬ፣ እባክዎን!"

"እንዲያው ነው። ዓመት ሙሉ ለሰው ሁሉ ስታወራ ከርመህ ነዋ።"

ያኔ ተነሣ። "ሁለት ዓመት! እኔ እዚያ ግንባሬን ምንጣፍ ላይ ደፍቼ ስጸልይ፣ የአናጺ ልጅ ከደጅ ልጄን..." ወረቀቱን ጨበጠ፤ እጁን አነሣ።

"ጣለው" አለች ቤቤ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "አርባ ቀን ራሴ ላይ ያኖርኩትን አንተ መሬት ጣለው። በል! ከላዩ ግን ማን እንደተጻፈ እይ።"

እጁ አየር ላይ ቀረ። የአንድ አምላክ ምልክት ከላይ አለች፤ ሊጥለው አይችልም። ከሥሯ የአናጺው ልጅ ስም አለ፤ ሊይዘው አይፈልግም። አባቴን እንዲያ ግራ ተጋብቶ አይቼው አላውቅም፤ በሕይወቴ ከሁሉ የበለጠ የወደድኩትም ያን ጊዜ ነው።

"ጣቢያ ሄድሽ?" አለኝ በመጨረሻ።

"አልሄድኩም፣ አባባ። ደብዳቤው አልደረሰኝም። ፈሪ ነው ብዬ ነበር።" ወረቀቱን አየሁት። "ነገ በአምስት ሰዓቱ ባቡር ይሄዳል አሉ። አይመለስም።"

አባቴ ወረቀቱን በመሐረቡ፣ መሐረቡን በሐሩ መልሶ ጠቀለለና መደርደሪያው ላይ አኖረው። ከዚያ ጫማዎቹን በእጁ አንጠልጥሎ፣ በባዶ እግሩ ወጣ። በመስኮት አየሁት። በአገዳው መሐል ባለው ቀይ መንገድ ይሄዳል። ከዓመት በኋላ እንደገና እያነከሰ ነበር።

*

እሑድ ጠዋት በመኪናው ሄድን። ጉርድዋራው ደጃፍ ስንደርስ አባቴ ወደ አዳራሹ አልሄደም። ጎንበስ ብሎ በጫማው ክፍል ትንሽ በር ገባ። ሽማግሌውን፣ "ተነሥ ወንድሜ፣ ዛሬ እኔ ልቀመጥ" ሲለው ሰማሁ።

ከደጃፉ ዓምድ ሥር ቆሜ ቀረሁ። ሰው ጫማውን ሲያስረክብ በመስኮቷ የሚታየውን የአባቴን እጅ፣ በአገዳ ማጭድ የጎደለውን አውራ ጣት ያይና ይደነግጣል።

"ሳርዳር ጂ፣ ምነው፣ ደህና አይደሉም እንዴ?" አለ ኬሃር ሲንግ ጎንበስ ብሎ እያየ።

"ጫማህን አምጣና እለፍ። ይህን ሁሉ ጭቃ ስትሸከም ነው እንዴ ሰው ላይ ስታወራ የምትኖረው?"

ከዚያ ታርሎክ መጣ። ሻንጣውን አጥሩ ሥር አቆመ። ለመሰናበት መስገድ ነበረበት፤ ባቡሩ አንድ ሰዓት ቀርቶታል። ጫማውን አውልቆ፣ እንደልማዱ ዓይኑን ሳያነሣ፣ በመስኮቷ አስገባ። እጁን ሲመልስ ያን አውራ ጣት አየው። ደርቆ ቀረ።

"ሳርዳር ጂ፣ እጅዎን አያቆሽሹ።"

"ሁለት ዓመት የኔን ስትጠርግ ቆሸሸ?"

"አልቆሸሸም።"

"እንግዲያው ዝም በል።" አባቴ ጫማውን ገልብጦ ተረከዙን አየ። ረጅም ጊዜ አየው። "ተረከዝህ አልቋል። ለሰው ሽብልቅ ትጠርባለህ፤ የራስህ ጫማ ሶል የለውም።"

"እህቴን ልድር ነው፣ ሳርዳር ጂ። ከዚያ በኋላ አስለውጠዋለሁ።"

አባቴ ጨርቁን አንሥቶ መጥረግ ጀመረ። ቀስ ብሎ፣ መጀመሪያ ጫፉን፣ ከዚያ ጎኑን። ሰልፉ ከኋላ ተከማችቷል፤ ግን ማንም አልገፋም።

"አናጺ ነበር አባትህ?"

"አዎ።"

"ምን ይሠራ ነበር?"

"እዚያው አገር፣ ባቡር ጥገና ቤት። የፉርጎ መስኮትና አግዳሚ።"

የአባቴ እጅ ቆመ። "እኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር" አለ፣ ለታርሎክ ሳይሆን ለጫማው የሚናገር ይመስል። "ከመንደሬ ወጥቼ እስከ ወደቡ ሦስት ቀን በፉርጎ መጣሁ። አግዳሚው ላይ ተኝቼ። በመስኮቱ እናቴን እስክትጠፋ አየኋት።" ጫማውን ገለበጠና፣ "መስኮቱ ደህና ይከፈት ነበር" አለ።

ታርሎክ ወደ መስኮቷ ይበልጥ ጎንበስ አለ።

"ደብዳቤህ ደረሰ" አለ አባቴ። "እኔ ዘንድ ነው የደረሰው። ቆሜ፣ እጄን ታጥቤ አነበብኩት። እሷ ሳታየው አርባ ቀን እናቴ ሰገደችለት።"

"እሷ..." አለ ታርሎክ። "ሳትዋንት ጂ... አላየችውም?"

"አላየችውም። አሁን ስማኝ። ሂድና እህትህን ዳር። መሐላህን አታፍርስ፤ መሐላ የሚያፈርስ አማች አልፈልግም።"

አማች ያለውን ቃል ከኋላ ያሉት ሁሉ ሰሙት። ኬሃር ሲንግ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉ ተዘጋ።

"ጫማህ እኔ ዘንድ ይቆያል" አለ አባቴና ቁጥሩን ከሚስማሩ አውርዶ በመስኮቷ አወጣው። ሠላሳ አንድ። "ጫማውን የፈለገ ተመልሶ ይመጣል።"

"ባዶ እግሬን ነው የምሳፈረው?"

"የኔን አድርግ። ይሰፋህ ይሆናል። ሽብልቁን ደግሞ እዚህ አስቀረሁት፤ የኔ ነው።"

ታርሎክ የናሱን ቁጥር በሁለት እጁ ተቀበለና ግንባሩን አስነካው። ከዚያ ወደ ኋላ ዞረ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ከመሬት አነሣ። ፊቴን አየው። ጠፍቶት የኖረ ስሌት በድንገት እንደተገለጠለት ሰው ነበር አስተያየቱ። አልተነጋገርንም፤ ሰው መሐል ነበርን። እግሬን ብቻ ትንሽ ወደፊት ገፋ አድርጌ አሳየሁት፤ እንደሱ ጫማ የሌለበትን እግሬን። ሳቀ። ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር።

አባቴ ያን ቀን በባዶ እግሩ መኪናው ላይ ወጣ።

"የናይሮቢዎቹስ?" አለች ቤቤ።

"ትናንት በእግሬ ኪቦስ ጣቢያ ሄጄ ቴሌግራም ልኬያለሁ" አለ። መንገዱን እያየ፣ "ድንጋዩ ለጉድ ነው" ብሎ ጨመረ።

*

በዘጠነኛው ወር ተመለሰ፤ የናሱን ቁጥር በአንገቱ ክር አንጠልጥሎ። እስከዚያ ደብዳቤዎቹ በፖስታ ይመጡ ነበር፤ አባቴ ጮክ ብሎ እያነበበ፣ "ይሄ ሰው ከድልድይ በቀር ወሬ የለውም እንዴ?" ይል ነበር። እኔ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እየጠበቅሁ ፈገግ እላለሁ። በሰርጋችን ቀን፣ እንደ ሥርዓታችን፣ የሙሽራውን ነጠላ ጫፍ በሙሽሪት እጅ የሚያስይዘው አባት ነው። አባቴ አስያዘኝ። መጽሐፉን አራት ጊዜ ስንዞር፣ ከፊቴ የሚሄዱትን እግሮች ብቻ ነበር የማየው።

ኪሱሙን አልለቀቅንም። ሌሎች ወደ እንግሊዝ ሲሄዱ እሱ "ድልድዮቼን ማን ያንኳኳቸዋል?" አለ። ሦስት ልጆች አሳደግን፤ እናቱን አምጥተን ጦርናት፤ ስትሞትም በክብር ሸኘናት። ጡረታ ሲወጣ ወደዚያችው ዝቅ ያለች መስኮት ተመለሰ፤ እስከ ዓምና ድረስ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ የሰዉን ትቢያ ይጠርግ ነበር።

እሱ ካረፈ ወዲህ በዚያች መስኮት የሚቀበለኝ ሌላ እጅ ነው። ከጸሎት ስወጣ ጫማዬን ይሰጡኛል፤ የቀኙን ለግራ፣ የግራውን ለቀኝ አቀያይራለሁ። ከማጥለቄ በፊት ግን ጎንበስ እልና ጣቴን እስከ ጫፉ እሰዳለሁ። ልጆቼ "እማዬ፣ ምን ትፈልጊያለሽ?" ይሉኛል። "ጠጠር ይኖር እንደሆነ ነው" እላቸዋለሁ።